ከዝርዝሩ የቀረው ስም

ልብስ ሰፊዋ ክፉ ሰው አልነበረችም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ቀጥሎ ያለውን ስትሰሙ ፊታችሁን እንዳታጠቁሩባት ብዬ ነው። ከስምንት ልጆች ሰባተኛ ሆና የተወለደች፣ በእህቶቿ ቀሚስ፣ በእህቶቿ ጫማ፣ ከእህቶቿ ደብተር በተረፈ ገጽ ያደገች ሴት ናት። አልጋ እንኳ ለብቻዋ ያገኘችው ባሏ ሌላ አግብቶ የሄደ ዕለት ነው። “የእኔ ብቻ” የምትለው ነገር ኖሯት አያውቅም።

የምትሠራበት ባለ አምስት ፎቅ ሕንጻ ግን ይህን ክሷት ነበር። ምድር ቤት ካለችው ጠባብ ሱቋ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች በደረጃው የሚወጣ የሚወርደውን ሁሉ ታያለች። ባሏ የሞተባት የሦስተኛ ፎቋ ሴትዮ ሁለት ቀን ካልወረደች፣ “ምን ነካት?” ብላ የምትወጣው እሷ ናት። ጉልበቱን ለሚያመው ጡረተኛ ሾፌር መድኃኒት የምታመጣለትም እሷው። ማንም አልሾማትም። ሰው ግን ጭንቅ ሲይዘው “እትዬን ጥሯት!” ይላል፤ ይህን ስትሰማ ደስታዋን ለመደበቅ አቀርቅራ መርፌ ውስጥ ክር ታስገባለች።

ከዚያ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰዎችን የሚጠይቁ በጎ ፈቃደኞች መጡ። የማኅበራቸው አስተባባሪ ሰማያዊ ሰደርያ የለበሰች፣ ሃያ አምስት ያልሞላት፣ ሳቂታ ልጅ ናት። ደግሞም ብልህ ናት፤ ልብስ ሰፊዋን ያበገናትም ይኸው ነው። ሞኝ ብትሆን ንቃ ትተዋት ነበር።

“እትዬ፣ አዲስ ነገር ልንጀምር አልመጣንም” አለቻት የደንበኛ በርጩማ ላይ ተቀምጣ። “እርስዎ ሲሠሩት የኖሩትን ልናግዝ ነው። ብቻቸውን የሚኖሩትን ይንገሩን፤ ማክሰኞና ሐሙስ እየመጣን እንጠይቃቸዋለን፣ ሐኪም ቤትም እንወስዳቸዋለን። የመጀመሪያውን ቀን ግን እርስዎ ይዘውን ይገባሉ። የማያውቁት ሰው ዘው ሲልባቸው ይደነግጣሉ።”

ከዚህ የተሻለ አነጋገር ከየት ይመጣል? ልብስ ሰፊዋ አሥራ አንድ ስም ቆጠረችላት። አሥራ ሁለተኛው ምላሷ ጫፍ ላይ ሲደርስ መልሳ ዋጠችው።

“የቀረ አለ?”

“ኧረ የለም፤ በቃ እነዚሁ ናቸው።”

የቀሩት አምስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩት ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ነበሩ። ዓይናቸው ደክሞ ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል፤ ልጅም ዘመድም የላቸውም። ስምንት ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሱቋን ዘግታ ሾርባ ይዛላቸው ትወጣለች። እሳቸው ደግሞ የድሮ ደንበኞቻቸውን ጉድ ያጫውቷታል፤ እሳቸውን ለማየት ስትል ደህናውን ሰዓቷን እያበላሸች ትመጣ ስለነበረችው ወይዘሮ ሲያወሩላት እንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች። “አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?” ይሏታል። ይህችን ቃል ደግሞ ለማንም አታካፍልም።

ማክሰኞና ሐሙስ ደረጃው በሳቅ ይሞላ ጀመር። “ያቺ ልጅ እኮ መልአክ ናት!” አለች የሦስተኛ ፎቋ ሴትዮ። “አዎ፣ ጎበዝ ናት” አለች ልብስ ሰፊዋ ጥርሷን ነክሳ። ሾፌሩ በልጅቷ ክንድ ተደግፎ ከሐኪም ቤት ሲመለስ፣ በሱቋ በር ላይ አንገቱን እንኳ ሳያዞር አለፈ። የልጅቷ ሰደርያ ዚፑ ተበላሽቶ ሲመጣላት፣ “ሥራ በዝቶብኛል” ብላ ሦስት ቀን ጎለተችው። ሥራ አልነበራትም። ሰደርያውን ምስማር ላይ ሰቅላ በጎሪጥ ስታየው ነበር የምትውለው።

ሁለት ወር እንዲህ አለፈ። አንድ ሐሙስ ከሰዓቷ ቀደም ብላ ወጣች። ሰዓት ሠሪው ጢማቸውን ተላጭተው፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረቫት አስረው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ለእኔ ነው ብላ ፊቷ በራ።

“ዛሬ ምን ተገኘ አባባ? ሙሽራ መስለዋል!”

“ሐሙስ አይደል?” አሉ። “የልጆቹ ቀን ነዋ። ኮቴያቸውን እሰማለሁ፤ አራተኛ ፎቅ ድረስ ይመጡና ይመለሳሉ። ሁለት ወር ሙሉ ለብሼ ጠበቅኩ፤ አንቺ ሳትመጪ አወልቀዋለሁ። ይከፋሻል ብዬ ነው እስካሁን ያልጠየቅኩሽ። እስቲ እውነቱን ንገሪኝ ልጄ፣ ምን አስቀይሜያቸው ነው እኔን የዘለሉኝ?”

ሾርባውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

“ዝርዝሩ ሞልቷል አሉ” ብላ ዋሸች።

“እንግዲያው ከነዚያ አንዱ ሲሞት ቦታ ይገኛል” አሉ። ቀልድ መስሏት ቀና ብላ አየቻቸው። የምራቸውን ነበር።

እስከ ማክሰኞ ይህንኑ ስታሰላስል ሰነበተች። እሷ እሳቸውን ላለማካፈል ስትቀና፣ ለካ እሳቸውም ከላይ ሆነው በሩ በሚንኳኳለት ሰው ሁሉ ሲቀኑ ከርመዋል። ልጅቷ ስትመጣ “አንድ የቀረ ስም አለ” አለቻት። ልጅቷ ለምን እንደቀረ አልጠየቀችም። ተያይዘው ወጡ።

“ቦታ ተገኘ?” አሉ ሰዓት ሠሪው ሁለቱንም ሲያዩ። “ማን ሞተ?”

ልጅቷ ግራ ተጋብታ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞር አለች፤ ፊቷን ስታይ ገባት። “ማንም አልሞተም አባባ። እኛ ነን ያጠፋነው፣ ይቅርታ ያድርጉልን።”

ደግነቷም ያስቀናል! ልብስ ሰፊዋ ዝም ብትል ነገሩ እዚያው ተዳፍኖ ይቀር ነበር። ግን ጥፋቷን እንኳ ይህች ልጅ እንድትወስድባት አልፈለገችም።

“እሷ ምንም አላጠፋችም” አለች። “ስምዎን የደበቅኩት እኔ ነኝ።”

“ለምን?”

“የእኔ ብቻ እንዲሆኑ ብዬ።”

ሰዓት ሠሪው ትክ ብለው አዩዋት። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። “ግቢ ልጄ” አሉ ለልጅቷ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረው፣ “አንቺም ግቢ። ከነገ ጀምሮ ግን ስትመጪ አንኳኪ” አሏት። ስምንት ዓመት ሙሉ በሩን በክርኗ ገፋ አድርጋ ነበር የምትገባው።

በማግስቱ አሥር ሰዓት ላይ ሾርባውን ይዛ ወጣች። ሳህኑን ወለሉ ላይ አስቀመጠችና አንኳኳች።

“ማነው?” አሉ ከውስጥ፤ በዚያ ሰዓት ከእሷ በቀር የሚመጣ እንደሌለ እያወቁ።