ቴሌቪዥኑን የሚያነቃው ጥፊ

ባጃጅ ገና ሶዶ ሳይገባ፣ ቤታችን የነበረው አሮጌ ቴሌቪዥን ከአባቴ በቀር ማንንም አይሰማም ነበር። ግማሽ ሰዓት ሠርቶ ሲሞቅ ምስሉ ይጨማደድና አንዲት ነጭ መስመር ብቻ ትቀራለች። ያኔ ኳስ ሊያዩ የተሰበሰቡት ጎረቤቶች «ጋሼ፣ እስቲ ይበሉት» ይላሉ። ሻንቶ ከተማ ለብዙ ዓመታት በመምህርነት ያገለገለው አባቴ ቀስ ብሎ ይነሳና ቴሌቪዥኑን በግራ ጎኑ በኩል አንድ ጥፊ ያቀምሰዋል። ምስሉ ይዘረጋል። ሰዉ «ዱላ ከገነት ወጣ» እያለ ይስቃል፤ አባቴም ኮራ ብሎ ይቀመጣል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሰው የሚፈልገው ለዚህ ብቻ ነበር።

እኔ የፊዚክስ መምህርት ነኝና ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ። እዚያው ቦታ ላይ ስመታው ወይ ፍንክች! አባቴ ለቅሶ ሊደርስ ቦምቤ የሄደ ጊዜ ሶኬቱን ነቅዬ አሳደርኩትና በማግስቱ ጀርባውን ፈታሁት። አቧራውን ጠርጌ፣ አባቴ መጽሐፍ ቅዱስ በሚያነብበት አጉሊ መነጽር ሽቦዎቹን የሚያያይዙትን የብየዳ ጠብታዎች አንድ በአንድ አየሁ። ሁሉም ያብረቀርቃሉ። አንዷን ግን ቀጭን ስንጥቅ ዙሪያዋን ከቧታል። አባቴ ከሚመታው ቦታ ትይዩ ነበረች፤ ሲሞቅ ትላቀቃለች፣ ጠንከር ያለ እጅ ሲያርፍባት ትገጥማለች። የእኔ እጅ ቀሎ ነው ለካ! ደስታዬን አትጠይቁኝ።

ከገበያው ሬዲዮ ጠጋኝ የብየዳ ካውያና በሙቀት የሚቀልጥ ትንሽ ሊድ ተዋስኩ። መጀመሪያ ከተሰነጠቀችው ጠብታ ሥር ያለው ሽቦ ሳይግል ሊዱን ስላቀለጥኩት ጠብታው ደብዝዞ ቀረ፣ አልያዘም። በሁለተኛው ሽቦውን በደንብ አጋልኩት፤ ሊዱም ራሱ ፈስሶ ከበበው።

እሁድ ኳሱ ሳይቋረጥ አለቀ። ስንጥቁን እንደበየድኩት ስነግራቸው ጎረቤቶች እኔን መረቁ። አባቴን የጠራው አልነበረም፤ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እስከ መጨረሻው ጠበቀ። ምን እንዳደረግኩ የገባኝ ያኔ ነው። አፈርኩ።

ሰዉ ሲወጣ አባቴ ብየዳውን ምን እንደሰነጠቀው ጠየቀኝ።

«ሙቀትና ቅዝቃዜ» አልኩት።

«ግማሹን ነው የመለስሽው» አለኝ።

መምህር አይታለልም። ጥፊው ምስሉን በመለሰ ቁጥር ስንጥቁን ያሰፋው እንደነበር ነገርኩት። ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ።

«ስንት ዓመት ችሎኛል» አለና እጁን ኪሱ ከተተ።