ጸሐፊው ያላየው ውል

ጁባ፣ ንያኩሮን ሰፈር በነበረው ግቢያችን ውስጥ አሥራ አንድ ቤተሰብ ነበርን። መሬቱ የአንዲት የአገሩ አሮጊት ነው፤ ቤቶቹን ግን እያንዳንዳችን በየአቅማችን ሠርተናል። የኪራይ ውሉ አንድ ነበር፣ በማኅበራችን ስም የተፈረመ። ሊቀመንበራችን ገበያ ውስጥ የቧንቧ ዕቃ የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። እኔ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ፤ በግቢው ደግሞ የማኅበሩ ጸሐፊ። ጸሐፊ ያደረጉኝ የእጅ ጽሑፌ ያምራል ብለው ነው። ውሉን ግን አይቼው አላውቅም። ከማኅተሙና ከሌሎቹ ወረቀቶች ጋር ጋሼ አልጋ ሥር፣ የብረት ሳጥን ውስጥ ነበር የሚቀመጠው።

በፈረንጆቹ 2016 ሐምሌ ላይ ከተማው ውስጥ ተኩስ ሲከፈት ግቢውን ጥለን ወጣን። ከቀናት በኋላ ስንመለስ አብዛኛው ቤት በሩ ተገንጥሎ ጠበቀን። ሁሉም የራሱን ጉዳት ሲያይ እኔ ጋሼን፣ "የማኅበሩ ሰነድስ?" አልኳቸው።

"ሳጥኑ አለ" አሉኝ።

አለ ካሉ አለ ነው ብዬ ሁለተኛ አልጠየቅኩም።

በዓመቱ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ጠቅልላ ወደ አዲስ አበባ ለመመለስ ወሰነች። ባሏ ከውጊያው በፊት በወባ ሞቶባታል። ሁለት ክፍል ቤቷን የሚወስድላት ሰው አገኘች፤ ሸሪካት የሚባለው ሰፈር ሱቅ ያለው የወሎ ሰው ነው። ሰውየው ቤቱን ወደደው። ነገር ግን ውሉ ቤት ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ይፈቅድ እንደሆነ በዓይኑ አይቶ ማረጋገጥ ፈለገ።

ልብስ ሰፊዋ ጋሼ ዘንድ ሄደች። እኔም እዚያው ነበርኩ።

"የማኅበር ሰነድ ለግለሰብ አይታይም" አሏት።

"እኔ እኮ አባል ነኝ ጋሼ። እዚሁ አይቼ እዚሁ ልመልስልዎት።"

"ይፈቅዳል ብዬሻለሁ። የኔ ቃል አይበቃም?"

"ለኔ ይበቃኛል። ለሰውየው ግን አይበቃውም።"

ስንወጣ ወደ እኔ ዞረች። "ጸሐፊው አንተ ነህ፤ አንተ አሳየኝ።"

"ቁልፉ እሳቸው ጋ ነው።"

"ስለ ቁልፉ አልጠየቅኩህም። አንብበኸዋል ወይ?"

አላነበብኩም አልኳት። ወደ ስፌት መኪናዋ ተመልሳ ሥራዋን ቀጠለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግቢያችን ውስጥ ባለው ማንጎ ዛፍ ሥር ስብሰባ ተጠራ። ጋሼ፣ ለአንድ ሰው ካሳየን ነገ ሁሉም ልይ ሊል ነው አሉ። "ይበል! ምን ይሆናል?" አለች ልብስ ሰፊዋ። ጋሼ የሚከበሩ ሰው ናቸው፤ በውጊያው ሰሞን የጎረቤት ልጆች ተሸክመው ያወጡ ሰው ናቸው። ድምፅ ሲሰጥ እኔም ከሳቸው ጋር እጄን አወጣሁ። ቃለ ጉባኤው ላይም "ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም" ብዬ ባማረ ጽሑፍ ጻፍኩ።

በማግስቱ ሆቴል ድረስ መጣች። የተቆጣች አትመስልም። "ነገ ዕረፍትህ ነው አይደል? እንግሊዝኛ የሚያነብልኝ ሰው እፈልጋለሁ።"

"የት?"

"ባለመሬቷ ጋ። ውል አንድ ሰው ብቻ ይፈርማል እንዴ? እሳቸው ጋ ሌላ ቅጂ አይጠፋም።"

ይህ እስከዚያ ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። በሁለት ቦዳ ቦዳ ሞተር ተሳፍረን ባለመሬቷ ወደሚኖሩበት ጀበል ኩጁር ሄድን።

ባለመሬቷ በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ቅጠል ይቀነጥሱ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ከእኔ የተሻለ አረብኛ ስለምትችል ነገሩን እሷ አስረዳች። አሮጊቷ "ማፊ ሙሽኪላ" አሉና፣ ችግር የለም ማለታቸው ነው፣ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሥተው ገቡ። በፕላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ይዘው ወጡ። አራት ገጽ ነው። እየተረጎምኩ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ባለመሬቷ ከተስማሙ ማስተላለፍ ይቻላል ይላል። መጨረሻው ላይ የአባላት ስም ተዘርዝሯል። የባሏ ስም ጋ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ፤ እሷ ግን "ቀጥል" አለችኝ።

"የእናንተስ ቅጂ የት ሄደ?" ብለው ጠየቁ አሮጊቷ። ወረቀቱን አምነው ሰጡን፤ መንገድ ዳር ፎቶኮፒ አንሥተን መለስንላቸው።

ቅጂውን ይዘን ቀጥታ ጋሼ ቤት ገባን። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጡ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ሳጥኑን ከአልጋው ሥር ሳቡ። አልተቆለፈም። ውስጡ እርስ በርሱ ተጣብቆ የደረቀ፣ ቀለሙ የፈሰሰ የወረቀት ክምር ነበር።

"ዘራፊዎቹ ግቢ ውስጥ በትነውት ዝናብ መታው" አሉ። "ቆርቆሮ ላይ አስጥቼው ነበር፤ አልዳነም። ውል የላቸውም ከተባለ ያስወጡናል ብዬ ፈራሁ። ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስል ዓመት ሆነ።"

ልብስ ሰፊዋ አጠገባቸው ተቀመጠች። "ጋሼ፣ እኔ እኮ ውሉ ላይ አንድ ነገር ቢሠሩ ነው ብዬ ጠርጥሬዎት ነበር።"

"አውቄያለሁ። ጠፋብኝ ብዬ ከማፍር መጠርጠሩ ይሻለኝ ነበር።"

አንድ ዓመት ሙሉ ማንም ያልጠየቃቸው ለሳቸው ክብር ሲል ነው፤ ብቻቸውን የተዋቸውም ያው ክብር ነው።

በሚቀጥለው እሑድ ራሳቸው ቆመው ለሁሉም ተናገሩ። ከሊቀመንበርነቱ ልውረድ ቢሉ አባላቱ እንቢ አሉ፤ ግን ለእያንዳንዱ ቤት የውሉ ቅጂ እንዲሰጥ ተወሰነ። አሮጊቷ የጣት አሻራቸውን አኑረው ቤቱ ለወሎው ሰው ተላለፈ። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ለጎረቤት ትታ ሄደች። በ2018 እኔም ከጁባ ስወጣ ጸሐፊነቱን ለወሎው ሰው አስረከብኩ። መዝገቡን ከመረከቡ በፊት እያንዳንዱን ገጽ ቁጭ ብሎ አነበበ፤ እኔም እስኪጨርስ ጠበቅኩት።