ሐጂን አይቶ ዝም ያለው ውሻ

ቡታጅራ ተከራይቼ ስኖር ቦቢ የሚባል ቡችላ ነበረኝ። ጎረቤቴ ሐጂ ሸምሱ ንጋት ላይ ለሱብሂ ሶላት ሲወጡ ጠብቆ ይጮህባቸዋል። እሳቸውም በየጠዋቱ ከአጥሩ ማዶ፣ "አንተ! ይህን ውሻህን አንድ በለው!" ይሉኛል። "እሺ ሐጂ" እላለሁ፤ ምንም አላደርግም።

አንድ ሰሞን ቦቢ ወተቱን ተወ፤ ያስመልሰዋልም። "ቡችላ አይደል፣ ያገኘውን በልቶ ይሆናል፤ ነገ ይሻለዋል" አልኩ። በማግስቱም ያንኑ አልኩ።

ከዚያ አንድ ንጋት በሬ ተንኳኳ። ሐጂ ናቸው። ደግሞ ምን አጠፋ ብዬ ወጣሁ።

"ውሻህ ምን ሆነ?"

"ትንሽ አሞት ነው ሐጂ፤ ነገ ይሻለዋል።"

"እኔን አይቶ ዝም ያለ ውሻ ትንሽ ነው የታመመው? ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ውሰደው!"

ረፈድ ሲል አቅፌው ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ መርፌ ወጋው፤ "ትንሽ ብትዘገይ ኖሮ አይተርፍም ነበር" አለኝ።

ከሳምንት በኋላ ገና ሳይነጋ በጩኸት ነቃሁ። ቦቢ አጥሩ ሥር ቆሞ ሐጂ ላይ ይጮኻል። ስሞታቸውን ስጠብቅ፣

"አልሐምዱሊላህ!" ሲሉ ሰማሁ።

ወዲያው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፦

"አንተ! ይህን ውሻህን አንድ በለው!"