ቲቸር ለምን ያላነበበችው መልስ

የባዮሎጂ አስተማሪዋን ተማሪዎቿ «ቲቸር ለምን» ነበር የሚሏት። ሃያ ሁለት ዓመት ስታስተምር ያለ ምክንያት የተሰጠ መልስ ተቀብላ አታውቅም፤ «ለምን?» ብላ ታፋጥጣለች። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ታብሌት ሲያስገባ ከማንም በላይ የፈነደቀችው እሷ ነበረች። የጫነችላቸው አፕ የአንድን በሽተኛ ምልክቶች ይነግራቸዋል፤ ተማሪው በሽታውን መርጦ፣ እንዴት እንደደረሰበት ደግሞ ከሥር ባለው ሳጥን ይጽፋል።

«ሽምደዳ ቀረላችሁ። ገና አሁን ጭንቅላታችሁ ሥራ ሊይዝ ነው!» አለቻቸው።

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ከኋላ የተቀመጠችው አንድያ ልጇም ሳቀች። ልጅቷ ክፍል ውስጥ «ቲቸር» እያለች በአንቱታ፣ ቤት ደግሞ «እማ» እያለች ነው የምታናግራት፤ አንድም ቀን ተምታቶባት አያውቅም።

በዚያ ሰሞን ልጅቷ ከሳች። ውሃ አላረካት አለ። ቀሚሷ ወገቧ ላይ አልቆም ሲላት በመርፌ ቁልፍ ትይዘው ጀመር።

«እማ፣ ድክም ይለኛል።»

«ፈተናው ነው የኔ ቆንጆ፣ ሲያልፍ ይለቅሻል» አለች እናት፣ ከምታርመው ወረቀት ቀና ሳትል።

ያን ቀን «ለምን» አላለችም።

ሐሙስ ጠዋት ልጅቷ እያስመለሳት ከአልጋዋ መነሳት አቃታት። ሆስፒታል ሲደርሱ ራሷን ስታለች። ሐኪሙ የስኳር በሽታ መሆኑን ለእናቷ ነገራት። «ትንሽ ቀደም ብትሉ ኖሮ…» አላት። በማግስቱ ከቀትር በኋላ ልጅቷ አረፈች።

ከወር በኋላ እናት ሥራ ገባች። የልጇን ስም ከዝርዝሩ ለማውጣት አፑን ከፈተች። እስከዚያ ድረስ የምታነበው የተሳሳቱትን ልጆች ምክንያት ብቻ ነበር፤ የአራት ክፍል ተማሪ ጽሑፍ ለማንበብ ጊዜ ከየት ይምጣ? የልጇ መልስ ደግሞ ሁሌም ልክ ነው። ሳጥኗን ከፍታው አታውቅም።

አፑ ለልጇ ያቀረበላት የመጨረሻው በሽተኛ የሚጠማው፣ የሚከሳ፣ የሚደክመው ሰው ነበር። ልጅቷ ሆስፒታል ከመግባቷ ዘጠኝ ቀን ቀደም ብላ «የስኳር በሽታ» የሚለውን መርጣ እንዲህ ጽፋለች፦

«ስኳሩ ደሙ ውስጥ ሞልቶ ሳለ ሴሎቹ ይራባሉ፤ ሰውነቱ ራሱን ይበላል። እኔም እንደዚህ ነው የሚያደርገኝ። እማ፣ ቤት ስነግርሽ ፈተናው ነው አልሽኝ። ቲቸር ግን ምክንያቴን ያነቡታል።»

የትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ ሠራተኛ የሆነው ሽማግሌ ሲገባ ታብሌቱን ደረቷ ላይ አጣብቃ ወለሉ ላይ አገኛት።

«ምነው እህቴ? ምን ሆንሽ?»

«ጽፋልኝ ነበር» አለች። «ጽፋልኝ ነበር'ኮ!» ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ ሊያነሳት ሞከረ፤ አቃተው። አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

ዛሬም ታስተምራለች። ልክ የሆነውንም ያልሆነውንም፣ የሁሉንም ልጅ ሳጥን አንድ ሳታስቀር ታነባለች። በቀደም አንዲት ተማሪ ተገርማ «ቲቸር፣ ይሄን ሁሉ የምር ያነቡታል?» ብላ ጠየቀቻት።

«አዎ» አለችና ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዞረች።