ለቮልስ የተለቀለቀ አውድማ

ጋሼ ይርዳው ዕድሜያቸውን ሙሉ በሰው መኪና የሰው ሙሽራ ሲያመላልሱ የኖሩ የደብረ ታቦር ሹፌር ናቸው። ወደ ይፋግ፣ ወደ እብናት ያላደረሱት ሙሽራ የለም። በዚህ ጥር ግን ወደ ገሳይ የምትዳረው የገዛ ልጃቸው እመቤት ናት። ስለዚህ በራሳቸው መኪና፣ ዝገት በበላት አሮጌ ቮልስ ሊሸኟት ቆረጡ።

ባለቤታቸው እትዬ ደሳለች አልተዋጠላቸውም።

«ልጄ ሽፍታ በወጣባት መኪና አትሄድም። የኪራይ መኪና አነጋግሬያለሁ። እስከ ዓርብ ካላማረባት እሱ ይመጣል።»

«ዓርብ ፊትሽን ታይባታለሽ» አሉ ጋሼ ይርዳው።

ጋራዥ ቢወስዷትስ ስላቸው ሳቁብኝ። እኔ ግቢያቸው ውስጥ ተከራይ ነኝ።

«ልጄን የምድራት እኔ፣ መኪናዋን የሚኩላት ሌላ?»

ዝገቱን ፋቁ፤ የጎደጎደውን በስቱኮ ሞሉ፤ በብርጭቆ ወረቀት አሹ። ከዚያ በተዋሱት ኮምፕሬሰር ቀለሙን ይረጩት ጀመር። የተልባ አበባ የመሰለ ሰማያዊ ጉም ከእጃቸው ሲወጣ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ነገር ግን የመርጫው ነፋስ የግቢውን አቧራ አስነሥቶ እርጥቡ ቀለም ላይ ነሰነሰው። ሲደርቅ ቮልሷ እንደ ድመት ምላስ ሻከረች።

ጋሼ ይርዳው መሬቱን ብዙ አዩት።

«አባቴ ጤፍ ሊወቃ ሲል መጀመሪያ ምን ያደርግ ነበር?» አሉኝ። መልስ አልጠበቁም። «አውድማውን በእበት ይለቀልቃል። አፈር ከእህሉ እንዳይቀላቀል።»

ከላም አርቢ ጎረቤት በባልዲ እበት መጣ። በውኃ በጥብጠው ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ለቀለቁት። የሻከረውንም ቀለም በውኃና በብርጭቆ ወረቀት አሽተው አለሰለሱ። እውነትም አቧራ የሚባል ጠፋ። ግን ዓርብ እየቀረበ ነበርና ቸኮሉ፤ እበቱ ሳይደርቅ ረጩ። የከተማው ዝንብ ሁሉ ሽታውን ተከትሎ መጣና ቀለሙ ላይ ተጣበቀ።

«ሙሽራዋ አጃቢ አገኘች» አሉ እትዬ ደሳለች። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

ጋሼ ይርዳው ዝንቦቹን ሲለቅሙ ቆይተው ራሳቸውም ሳቁ። «አባቴስ እስኪደርቅ ይጠብቅ ነበር።»

እንደገና አሹ። ሐሙስ ዕለት ወለሉ ደርቆ ጠንክሯል፤ አቧራም ዝንብም የለም። የማለዳው ብርድ ቆርቆሮውን በጤዛ ስለሚያረጥበው ፀሐይ እስክትሞቅ ጠበቁ። ከዚያ ስስ አድርገው ረጩ፤ ሲደርቅ ደገሙ። እጃቸው አንድም ቦታ አልቆመም።

«ዘሪ እጁን ካቆመ ዘሩ አንድ ቦታ ይቆለላል» አሉኝ። «ቀለምም ያው ነው፤ ካቆምክበት ይወርዳል።»

ዓርብ እትዬ ደሳለች መዳፋቸውን ከኮፈኑ እስከ ጣሪያው አሳለፉ። እንከን ፈለጉ፤ አጡ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው፣ «ወንድሜ፣ መኪናውን ትተነዋል» አሉ።

እሑድ ሚዜዎቹ ከገሳይ ሳይደርሱ፣ እትዬ ደሳለች ጥልፍ ቀሚሳቸውን ለብሰው የቮልሷ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«የሙሽራ እናት አብራ አትሄድም» አሉ ጋሼ ይርዳው።

«ማን እሄዳለሁ አለ? እስከ አስፋልቱ አድርሰህ መልሰኝ።»

«አስፋልቱ ላይ ምን አለ?»

«ሰው።»