ሜዳው ላይ ከብት አለ?

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት መቀመጥ አልቻልኩም። ሲናና በኩል፣ ስንዴ ላይ መድኃኒት የምትረጭ ትንሽ አውሮፕላን የምታርፍበት የጠጠር ሜዳ አለ፤ እዚያ ሥራ አገኘሁ። ሥራዬ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ እያየሁ መዝገብ ላይ መጻፍ ነው። ይሰለቻል። እኔ የምፈልገው ከአብራሪው ጋር የሚነጋገሩበትን ሬዲዮ ነበር። ሬዲዮው ግን የአለቃዬ ነው፤ የሮቤ ሰው ናቸው፣ ጡረታ ሊወጡ የደረሱ፣ ለማንም አያስነኩም።

አንድ ቀን አሥር ሰዓት ላይ አምስት ላሞች ሜዳው ላይ ገቡ። አውሮፕላኗ የምትመለስበት ሰዓት ነው። አለቃዬ ዱላቸውን አነሱ።

«እኔ ልሂድ ጋሼ?»

«አንቺን ላሞቹ አይፈሩሽም። እዚህ ቁጭ በይ። አብራሪው ከጠራ ቁልፉን ተጭነሽ መልሺ፣ ስትጨርሺ ልቀቂ። የምታይውን ብቻ፤ ወሬ አታብዢ።»

አብራሪው የሚያርፈው በዓይኑ እያየ ነው። በዚያ ሰዓት ግን ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምትወጋው፣ ከመውረዱ በፊት መሬት ላይ ያለውን ሰው ይጠይቃል።

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። «መሬት፣ ለማረፍ እየመጣሁ ነው። ሜዳው ላይ ከብት አለ?»

ቁልፉን ተጭኜ መለስኩለት።

«መሬት፣ አልሰማሁም። ከብት አለ ወይ?»

ደግሜ መለስኩ። ራሴንም ነቀነቅኩ። ሰውየው አይሰማም እንዴ ብዬ ተናደድኩ።

«መሬት፣ ቁልፉ ሲጫን ይሰማኛል፣ ድምፅ ግን የለም። ከብት ቢኖር ትነግሩኝ ነበር። እየወረድኩ ነው።»

ያኔ ገባኝ። ሁለቴም አዎ ያልኩት፣ እናቴ እቤት «በላሽ?» ስትለኝ እንደምመልሰው፣ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ ነው። ቃል ከአፌ አልወጣም።

አውሮፕላኗ ከስንዴው በላይ ዝቅ ብላ ትታየኛለች። አለቃዬ ላሞቹ መሃል ቆመው ዱላ ያወናጭፋሉ።

ቁልፉን ተጫንኩ። «አለ። አምስት ላም አለ፣ አለቃዬም መሃላቸው አሉ። አይውረዱ።»

አውሮፕላኗ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ በአለቃዬ ባርኔጣ ላይ አለፈች። ዱላውን ያልፈሩት ላሞች ድምጿን ፈርተው ከሜዳው ወጡ። ከዚያ ዞራ መጥታ አረፈች።

አብራሪው ወርዶ ወደኔ መጣ። «አንቺ ነሽ ዝም ያልሽኝ?»

«ዝም አላልኩም። ሁለቴ አዎ ብያለሁ።» እንዴት እንዳልኩት አሳየሁት።

«እናቴም በስልክ እንደዚሁ ናት፣ እኔ ሃሎ ሃሎ እላለሁ» አለ። «እሷ ግን አውሮፕላን አታሳርፍም።»

አለቃዬ አልሳቁም። ጫማቸው ላይ የተጣበቀውን እበት በጠጠሩ ያሻሉ። መዝገቤን ይዤ አጠገባቸው ቆምኩ።

«ነገስ ሬዲዮው ላይ ልቀመጥ ጋሼ?»

ቀና ሳይሉ ትንፋሻቸውን ሳብ አደረጉ።

«አልሰማሁም» አልኳቸው።

ጫማቸውን ማሸት ትተው አዩኝ። «ኤዬ። አዎ። ሌላ በምን ቋንቋ ልበልሽ?»