ማዶ ያሉት ሰማንያ ስድስቱ

«እማማ ቁጥር» የሚለውን ስም ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፤ አልጸጸትም። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በጋ በመጣ ቁጥር ጫካ ገብተው ዘንባባ ሲቆጥሩ የኖሩ ሴት ሌላ ምን ይባላሉ? እኔ በጫካው የጥናት ጣቢያ ቢሮ ተቀምጬ የእሳቸውን ደብተር ኮምፒውተር ላይ እገለብጣለሁ።

ሥራቸው ሲያዩት ቀላል ነው። እያንዳንዱ ዘንባባ ግንዱ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ቆርቆሮ አለው። እማማ ቁጥር መዳፋቸውን ግንዱ ላይ ያሳርፋሉ፣ ቁጥሩን ጮክ ብለው ያነባሉ፣ ከዚያ «አለ» ወይም «ሞቷል» ብለው ይጽፋሉ። ያልነኩትን አይጽፉም። አንድ ቀን አብሬአቸው ጫካ ወጥቼ ያልታሰበ ዝናብ ሲያስቸግረን «ይቺን እንኳ ከዚህ ሆነን ብናያትስ?» ብላቸው፣ «አንተም እኮ ከሩቅ ሲያዩህ የምትሠራ ትመስላለህ» አሉኝ።

ከደብተራቸው ብዙ ተምሬአለሁ። የዘንባባ ችግኝ እንደ ጉድ ይበቅላል፣ እንደ ጉድ ያልቃል። ከመቶው አንዱ ግንድ ካወጣ ትልቅ ነገር ነው፤ እሱም መሬት ላይ ተለጥፎ ስንት ዓመት ከቆየ በኋላ። ግንድ ያወጣው ግን በቀላሉ አይሞትም። አንዱ ትልቅ ሲሄድ የሚተካው እስኪደርስ አርባ ዓመት ይፈጃል። ሌላ ዛፍ ቢቆርጡት በጎኑ ያቆጠቁጣል፤ የእኛ ዘንባባ ያለው ግን አናቱ ላይ አንድ ለጋ ልብ ብቻ ነው። እሱ ከተቆረጠ አበቃ።

ነገሩ የተበላሸው አምና ነው። ከወንዙ ማዶ ያሉት ሰማንያ ስድስት ትልልቅ ዘንባባዎች ለሰሌን ሠሪዎች ለሙከራ ተፈቀዱ። ቅጠል ይቆርጣሉ፣ ልቡን አይነኩም። አንድም ካልሞተ ጫካው በሙሉ ይፈቀድላቸዋል። የአሥራ አራቱ ሠሪዎች አለቃ የእማማ ቁጥር ታናሽ እህት ናት። ደብተሩ ላይ ሰማንያ ስድስቱም «አለ» ተብለው መጡ። እኔም ጅሉ፣ አንድም ሞት የሌለበት ገጽ በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ገለበጥኩት።

ዘንድሮ ፈቃዱ ሊሰጥ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት መጥተው ቢሮዬ በር ላይ ቆሙ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ማዶውን አልቆጠርኩም» አሉኝ።

«ምን ማለት ነው?»

«እናታችን ስታጣጥር አልጋዋ ሥር የነበርኩት እኔ ነኝ። እህቴ ቅጠል ቆረጣ ነበረች፤ አንዳችን መቅረት ነበረብን። ከዚያ ቀብር መጣ፣ ቀኑ አለፈ። ትልልቅ ናቸው፣ የት ይሄዳሉ ብዬ ጻፍኩት።»

ደሜ ፈላ። «ይሄ ዛሬ ነው የሚነገረኝ?» ብዬ ጮህኩባቸው። ለካ ቦት ጫማቸውን አድርገው ነው የመጡት። ምን ላድርግ? ደብተሩን አንስቼ ተከተልኳቸው።

ወንዙን ስንሻገር ውሃው ወገባችን ደረሰ። የመጀመሪያዎቹ አሥራ አንዱ ደህና ነበሩ፤ «አለ» ባሉ ቁጥር ትንፋሼ መለስ ይላል። አሥራ ሁለተኛው ላይ መዳፋቸው ተጣብቆ ቀረ። ቀና ስል አናት የሚባል ነገር የለም፤ ደርቆ የቆመ ምሰሶ ነው። ልቡን በቢላ ቆርጠው ወስደውታል።

«ሞቷል» አሉ።

ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ዞርን። ስልሳ አራቱ አሉ፣ አሥራ ዘጠኙ ሞተዋል። ሦስቱን ግን ፈልገን ፈልገን አጣናቸው።

«ሞተዋል ብለው ይጻፉዋቸዋ» አልኳቸው፣ እግሬ ዝሎ።

«ያልነካሁትን? አሁንም?»

ስንመለስ ወንዙ ዳር ቆሙ። «ነገ ይህን ካልኩ እህቴ ዓይኔን አታይም» አሉ። እውነት ነበራ።

በማግስቱ አዳራሹ ሞልቷል። ሰሌን ሠሪዎቹ ከፊት ተደርድረዋል፤ እህትየው መሐላቸው ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋለች። የጣቢያው ኃላፊ «ደብተሩ ግልጽ ነው» ብለው ሊፈርሙ እስክሪብቶ ሲያነሱ እማማ ቁጥር ብድግ አሉ።

«ያ ገጽ ውሸት ነው። ውሸቱም የኔ ነው» አሉ። «ሳልቆጥር ነው የጻፍኩት። ትናንት ቆጥሬአለሁ። ስልሳ አራት አሉ፣ አሥራ ዘጠኙ ልባቸው ተቆርጦ ሞተዋል። ሦስቱን አላገኘኋቸውም።»

ኃላፊው እስክሪብቶውን አስቀመጡ።

«ልባቸውን የቆረጠው ማን ነው?» አሉ ኃላፊው።

«እኔ የማውቀው ቁጥሩን ነው።» ወደ እህታቸው ዞር እንኳ አላሉም።

እህትየው ቀስ ብላ ተነሣች። «ሦስቱን አትፈልጊያቸው እትዬ» አለች። «ገንድሰን ወንዝ ውስጥ ጨምረናቸዋል። ለጋው ጥሩ ሰሌን ይወጣዋል ብዬ ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ። አንቺ እማዬ ጋ እንደሆንሽ፣ የሚቆጥር እንደሌለ አውቅ ነበር።»

ቦርሳዋን ከፍታ ሦስት ቆርቆሮ አወጣች። ዓመት ሙሉ ይዛቸው ስትዞር ኖራለች። መጥታ እህቷ መዳፍ ላይ አኖረቻቸው።

እማማ ቁጥር አንድ በአንድ ዳሰሷቸው። ቁጥራቸውን ጮክ ብለው አነበቡ። ከዚያ ደብተሩን ከእጄ ተቀብለው፣ ሦስት ጊዜ «ሞቷል» ብለው ጻፉ።